የስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፋብሪካውን ለምን አይዘጋውም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኢሊኖይ ውስጥ ነው። ከሰፈራችን አጠገብ የብረት ዕቃ ቀለም የሚቀባ ፋብሪካ አለ፤ በተለይ ማታ ማታ ሽታው መስኮት አያስከፍትም። ለስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አመልክተን ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር፤ በመጨረሻ የተሰጠን መልስ ግን ፋብሪካው ፈቃድ ያለው መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ነው። ኤጀንሲው የተቋቋመው እኛን ለመጠበቅ ከሆነ ለምን አይዘጋውም? ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

ምላሽ፦

«ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ ጉዳዩን የዘጋው መስሎ እንደታየዎት እገምታለሁ። የአየር ልቀት ፈቃዶችን በማዘጋጀትና በመገምገም ሥራ ላይ እንደቆየ መሐንዲስ የምነግርዎ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚያ መልስ መሆኑን ነው። የስቴት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ነው። ተቆጣጣሪው ፋብሪካ ሲገባ የሚያመሳክረው፣ ጠበቃው ክስ ሲያዘጋጅ የሚጠቅሰው፣ ኩባንያውም በየጊዜው ሪፖርት የሚያቀርብበት በዚያ ፈቃድ ላይ የሰፈረው ቃል ነው። ፈቃዱ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማን በምን ጊዜ ሐሳብ ሊሰጥበት እንደሚችልና ሲጣስ ምን እንደሚከተል ካወቁ፣ ኤጀንሲውን ምን መጠየቅ እንደሚጠቅምና ምን ቢጠይቁት ሊሰጥዎ እንደማይችል ለይተው ያውቃሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር ላጥራ። በአሜሪካ በተመሳሳይ ስም የሚጠሩ፣ አለቃቸውና ሕጋቸው ግን የተለያየ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዲሴምበር 1970 ሥራ የጀመረና ለፕሬዚዳንቱ ተጠሪ የሆነ ተቋም ነው። የኢሊኖዩ ኤጀንሲ ደግሞ በዚያው በ1970 በስቴቱ ሕግ የተቋቋመና ዳይሬክተሩ በስቴቱ ገዥ የሚሾም ነው። የኦሃዮው በ1972 የተከተለ ሲሆን፣ የሚኒሶታው የብክለት መቆጣጠሪያ ኤጀንሲ በ1967 ስለተቋቋመ ከፌዴራሉም ይቀድማል። ቴክሳስ ሥራውን በኮሚሽን ታሠራለች፤ ካሊፎርኒያ ከ1991 ጀምሮ የአየር ቦርዱን፣ የውኃ ቦርዶቹንና ሌሎች ተቋማትን በአንድ አመራር ሥር ሰብስባለች። ስማቸውና አደረጃጀታቸው ቢለያይም የሚሠሩት ሥራ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ዓይነት የሆነበት ምክንያት የሚያስፈጽሙት የፌዴራል ሕግ ተመሳሳይ በመሆኑ ነው። በ1970 የንጹሕ አየር ሕግ፣ በ1972 የንጹሕ ውኃ ሕግ፣ በ1974 የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ሕግ፣ በ1976 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው ሕግ ወጥተው በአገር አቀፍ ደረጃ ማንም ሊያወርደው የማይችለውን ዝቅተኛ መመዘኛ አስቀመጡ፤ የዕለት ተዕለት አፈጻጸሙን ግን በቂ ሕግ፣ ሠራተኛና ገንዘብ እንዳለው ላሳየ ስቴት በውክልና ለመስጠት ፈቀዱ። ወደ ወንዝና ሐይቅ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለምሳሌ 47 ስቴቶች ወስደዋል፤ በማሳቹሴትስ፣ በኒው ሃምፕሺርና በኒው ሜክሲኮ ግን ፈቃዱን ሲሰጥ የቆየው የፌዴራሉ ኤጀንሲ ራሱ ነው። ውክልናውን የወሰደ ስቴት ከፌዴራሉ መመዘኛ የጠበቀ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ የላላ ማውጣት ግን አይችልም። የአንዳንድ ስቴቶች ምክር ቤቶች የራሳቸው ኤጀንሲ ከፌዴራሉ የጠበቀ ደንብ እንዳያወጣ በሕግ ከልክለዋል፤ እኔ በበኩሌ ይህን የሕዝብን ጤና ከሚጎዱ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የፌዴራሉ ኤጀንሲ አገሪቱን በ10 ክልላዊ ጽሕፈት ቤቶች ከፍሎ ስቴቶቹን ይከታተላል፤ ኢሊኖይ ከሚቺጋን፣ ከኦሃዮ፣ ከኢንዲያና፣ ከዊስኮንሲንና ከሚኒሶታ ጋር ቺካጎ በሚገኘው በክልል 5 ሥር ናት።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንግባ። የእርስዎን ሰፈር ፋብሪካ ፈቃድ ስላላየሁት፣ የማቀርበው ቁጥር አሠራሩን ለማሳየት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። አንድ የቀለም መቀቢያ መስመር በሰዓት እስከ 40 ጋሎን ቀለም ሊረጭ ይችላል እንበል፤ በእያንዳንዱ ጋሎን ውስጥ ደግሞ ወደ አየር የሚተን 3 ፓውንድ የኬሚካል ማሟሟቻ አለ። የኤጀንሲው መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ፋብሪካው ዛሬ ምን ያህል እንደሚለቅ አይደለም፤ ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን፣ ማለትም 8,760 ሰዓት ቢሠራ ምን ያህል ሊለቅ እንደሚችል ነው። በሰዓት 120 ፓውንድ በ8,760 ሲባዛ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ በ2,000 ፓውንዱ የአሜሪካ ቶን ሲለካም 525 ቶን ያህል ይሆናል። የፌዴራሉ ሕግ በጥቅሉ በዓመት 100 ቶን የአንድ በካይ ነገር፣ ወይም 10 ቶን የአንድ አደገኛ መርዛማ ነገር፣ ወይም በድምሩ 25 ቶን እንዲህ ያሉ መርዛማ ነገሮችን ሊለቅ የሚችልን ፋብሪካ «ዋና የብክለት ምንጭ» ይለዋል። የኦዞን ብክለታቸው በከፋ አካባቢዎች የ100 ቶኑ ጣሪያ እንደ ክፋቱ መጠን ወደ 50፣ ወደ 25፣ እስከ 10 ቶንም ይወርዳል። ዋና ምንጭ የተባለ ፋብሪካ በየ5 ዓመቱ የሚታደስ፣ የፌዴራሉ ኤጀንሲም የሚመረምረው ሰፊ ፈቃድ ማውጣት ይገባዋል።

ብዙ ኩባንያዎች ከዚህ ምድብ ውጭ ለመሆን በራሳቸው ፈቃደኝነት ገደብ ይቀበላሉ። በምሳሌያችን ያለው ፋብሪካ «በማንኛውም ተከታታይ 12 ወር ውስጥ ከ60,000 ጋሎን በላይ ቀለም አልጠቀምም» ብሎ ቢፈርም ልቀቱ ቢበዛ 90 ቶን ይሆናልና ከ100 በታች ይቀራል። ይህ አካሄድ ፍጹም ሕጋዊ ነው፤ ትክክለኛ ቅነሳም ሊያስገኝ ይችላል። ገደቡ እውነተኛ የሚሆነው ግን ፋብሪካው የገዛውንና የተጠቀመውን ቀለም በየወሩ እየመዘገበ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ይዘት የሚያሳይ ሰነድ እያስቀመጠ፣ ጭሱን የሚያቃጥል መሣሪያ ካለውም የማቃጠያውን ሙቀት ያለማቋረጥ እየመዘገበ ሲሆን ነው። እነዚህ ግዴታዎች በፈቃዱ ላይ ካልተጻፉ ተቆጣጣሪው ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር የለም።

እዚህ ላይ የእርስዎ ችግር ከየት እንደሚመጣ ይታያል። በቶንና በወር የተጻፈ ገደብ የዓመቱን ድምር እንጂ የአንድን ሞቃት ምሽት ሽታ አይለካም። ፋብሪካው የፈቃዱን ቁጥር ሳያልፍ ሥራውን በጥቂት ምሽቶች ላይ ሊያጨናንቀው ይችላል፤ በሩ ተከፍቶ ሲሠራም ወደ ማቃጠያው መሄድ የነበረበት አየር ወደ ሰፈር ይወጣል። «ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ የእናንተም አቤቱታ እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃዱ ከመጀመሪያው ለምን ተሰጠ ለሚለው የኢሊኖይ ሕግ መልሱን በግልጽ ያስቀምጣል። በስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 39 መሠረት አመልካቹ ተቋሙ ሕጉንና ደንቦቹን እንደማይጥስ ካረጋገጠ ፈቃዱን መስጠት የኤጀንሲው ግዴታ ነው። መሐንዲሱ ፋብሪካው ከትምህርት ቤት አጠገብ በመሆኑ ስለከፋው ብቻ ማመልከቻውን ሊጥለው አይችልም፤ የሚከለክል ከሆነ የትኛው አንቀጽ እንደሚጣስና ለምን እንደሚጣስ በጽሑፍ መዘርዘር አለበት። ከዚህም በላይ፣ ከፌዴራሉ መርሐ ግብሮች ውጭ ላሉት ለብዙዎቹ የስቴቱ ፈቃዶች ኤጀንሲው በ90 ቀናት፣ የሕዝብ ስብሰባ በሚያስፈልግበት ጊዜ በ180 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ አመልካቹ ፈቃዱ እንደተሰጠው ሊቆጥር ይችላል። ፋብሪካ በየትኛው ቦታ ይተከል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በአብዛኛው የከተማው ወይም የካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው። ኤጀንሲው ዘንድ ሲደርስ ቦታው ተወስኖ ያለቀ በመሆኑ፣ ሰፈሩን የሚመለከት ክርክር በከተማው ምክር ቤት ሳይነሣ ከቀረ የኤጀንሲው ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት በስፕሪንግፊልድ የሚያነሣው አያገኝም።

ቁጥጥሩ ሰዎች ከሚገምቱት በጣም የተለየ መሆኑን ልናገር። የአካባቢ ሕግ አፈጻጸም በአብዛኛው የቆመው ኩባንያው ራሱን ለክቶ ራሱን በሚያሳውቅበት ሥርዓት ላይ ነው። ፍሳሽ የሚለቅ ተቋም የናሙና ውጤቱን በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየወሩ፣ በተወሰነ ቅጽ ለስቴቱ ይልካል፤ ትላልቅ የአየር ምንጮች በጭስ ማውጫቸው ላይ ቋሚ መለኪያ ያስገባሉ ወይም በተወሰነ ጊዜ የጭስ ማውጫ ምርመራ ያካሂዳሉ፤ የዋናው ፈቃድ ባለቤት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ሕጉን አክብሬአለሁ ወይም አላከበርኩም ብሎ ኃላፊው በፊርማው ያረጋግጣል። ሐሰተኛ ማረጋገጫ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። ተቆጣጣሪው በአካል የሚመጣበት ጊዜ ግን ሩቅ ነው፤ የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለስቴቶች የሰጠው የአየር ቁጥጥር መመሪያ ዋና ምንጮች በ2 ዓመት አንድ ጊዜ፣ እጅግ ግዙፍ የሆኑት በ3 ዓመት፣ ገደብ ተቀብለው ከጣሪያው 80 በመቶና ከዚያ በላይ የተጠጉት ደግሞ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግባቸው ይጠብቃል። በምሳሌያችን 90 ቶን የፈረመው ፋብሪካ በዚህ በመጨረሻው ምድብ ይወድቃል። ተቆጣጣሪው ቀን ቀን ለሁለት ሰዓት መጥቶ ማታ የሚወጣውን ሽታ አለማግኘቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለውን የሚያውቁት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው።

ጥሰት ሲገኝ በኢሊኖይ የሚሆነው ከብዙ ስቴቶች ይለያል፤ ይህን መረዳት ለእናንተ በተለይ ይጠቅማል። የ1970ው ሕግ ሥልጣኑን ሆን ብሎ ለሦስት ከፍሎታል። ኤጀንሲው ፈቃድ ይሰጣል፣ ይመረምራል፣ ይለካል። ደንብ የሚያወጣውና ክርክር የሚሰማው በገዥው የሚሾሙ 5 አባላት ያሉት፣ ራሱን የቻለ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ነው። ክስ የሚመሠርተው ደግሞ የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ወይም የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ኤጀንሲው እንዲህ ባለ ጉዳይ በራሱ ውሳኔ ቅጣት ጥሎ ገንዘብ ማስከፈል አይችልም። ተፈጽሟል የሚባለውን ጥሰት ካወቀ በ180 ቀናት ውስጥ ለኩባንያው የጥሰት ማስታወቂያ ይልካል፤ ኩባንያው በ45 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ ከተስማሙ ጉድለቱ በምን በምን ቀን እንደሚታረም የሚገልጽ የስምምነት ሰነድ ይፈራረማሉ፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይመራል። ሕጉ ለአንድ ጥሰት እስከ 50,000 ዶላር፣ ጥሰቱ ለቀጠለበት ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ እስከ 10,000 ዶላር ተጨማሪ ቅጣት ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ደብዳቤ መመላለስ ያለበት በመሆኑ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። እናንተ ዝምታ መስሎ የሚታያችሁ ጊዜ በከፊል ይህ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ኤጀንሲው ፋብሪካ ማሸግ ጨርሶ አይችልም ማለት ነው? ይችላል፤ ግን ለአስቸኳይ አደጋ ብቻ ነው። የሕጉ አንቀጽ 34 ለሕዝብ ጤና ወይም ለአካባቢ አስቸኳይ አደጋ መኖሩን ካረጋገጠ መሣሪያን ወይም ተቋምን እንዲያሽግ ይፈቅድለታል። ይህ ሥልጣን ሥራ ላይ ሲውል ሁላችንም ያየነው ከቺካጎ በስተምዕራብ ባለችው በዊሎውብሩክ ነው። በዚያ የነበረው ስቴሪጄኒክስ የተባለ ኩባንያ የሕክምና መሣሪያዎችን በኤቲሊን ኦክሳይድ ጋዝ ያመክን ነበር። ፋብሪካው ፈቃድ ነበረው። የፌዴራሉ ኤጀንሲ በ2016 መጨረሻ የጋዙ ካንሰር የማምጣት ኃይል ቀደም ሲል ከተገመተው በብዙ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ በ2018 ደግሞ አንድ የፌዴራል የጤና ተቋም የአካባቢውን አየር ናሙና መሠረት አድርጎ የነዋሪዎቹ የካንሰር ሥጋት ከፍ ያለ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። ነዋሪዎቹ ተደራጁ፤ ተጨማሪ የአየር ልኬት ተካሄደ፤ የስቴቱ ኤጀንሲም በፌብሩዋሪ 2019 የጋዙ አጠቃቀም እንዲታሸግ አዘዘ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ጥብቅ ሕግ አወጣ፤ ኩባንያውም በመከር ወራት ዊሎውብሩክ ላይ እንደማይመለስ አስታወቀ። ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚያስታውሱት የነዋሪዎቹን ቁጣ ነው፤ ቁጣው ድርሻ ነበረው፤ ትእዛዙ በሕግ ፊት እንዲጸና ያስቻለው ግን በሰፈሩ አየር ውስጥ የተለካው ቁጥር ነው።

የስቴት ኤጀንሲ ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ የሚቺጋኗ ፍሊንት አሳይታለች። በአፕሪል 2014 ከተማዋ የመጠጥ ውኃዋን ከፍሊንት ወንዝ መውሰድ ስትጀምር የስቴቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት የቧንቧ ዝገት መከላከያ ሕክምና እንዲደረግ ከማስገደድ ይልቅ ውኃውን ለሁለት የ6 ወር ጊዜያት መከታተል ይበቃል አለ። ውኃው ቧንቧዎቹን ስለበላ እርሳስ ወደ ቤቶች ገባ። የፌዴራሉ ኤጀንሲ ችግሩን እያወቀ ዘግይቶ በጃንዋሪ 2016 የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ሰጠ። ውክልና የሰጠው ወገን በውክልናው ላይ ከተኛ ሕዝቡ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ ስለዚህ ለስቴቱ የምትጽፉትን ሁሉ በግልባጭ ለክልል 5 ጽሕፈት ቤት መላክ አይክፋችሁ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልጥቀስ፤ ብዙ ጊዜ ይጠየቃልና። የዋና ምንጮችን የአየር ፈቃድ ሥራ ወጪ የሚሸፍነው ኩባንያዎቹ የሚከፍሉት ክፍያ ነው፤ ሕጉ ያዘዘው ይህንኑ ነው። ቀሪው ከስቴቱ በጀትና ከፌዴራል ድጎማ ይመጣል። ኩባንያው ስለከፈለ መሐንዲሱ ይወግንለታል የሚለው ጥርጣሬ ፈቃዶቹን ከሚጽፉት ሰዎች ጋር ከሠራሁት አንጻር ትክክል አይመስለኝም። እውነተኛው ችግር በጀት ሲቆረጥ የሰው ቁጥር መቀነሱና የተረፈው ሰው ጊዜውን በሙሉ በፈቃድ ቀነ ገደብ ላይ ማዋሉ፣ ለአቤቱታ የሚተርፍ ጊዜም ማጣቱ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ ፈቃዱን ራሱን በኢሊኖይ የመረጃ ነፃነት ሕግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት፣ ለተጨማሪ 5 ቀናትም ሊያራዝመው ይችላል። ከፈቃዱ ጋር ማመልከቻውን፣ የመጨረሻውን የምርመራ ሪፖርት፣ የዓመታዊ ልቀት ሪፖርቶችንና የተላከ የጥሰት ማስታወቂያ ካለ እርሱንም ጨምሩ። ኩባንያዎች አንዳንድ ሰነድ የንግድ ምስጢር ነው ብለው ሊያስከለክሉ ይሞክራሉ፤ የልቀት መረጃ ግን በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ መሠረት ምስጢር ሊሆን አይችልም። ብዙው የቁጥጥርና የቅጣት ታሪክ የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው «ኤኮ» በተባለው የመረጃ ቋትም ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ሽታውን መዝግቡ። ቀኑ፣ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት ወደ የት ይነፍስ እንደነበር፣ ሽታው ምን እንደሚመስል፣ በማን ላይ ምን እንዳስከተለ በአጭሩ ይጻፍ፤ የተለያዩ ቤቶች ለየብቻ ቢጽፉት ይበልጥ ይታመናል። ይህ መዝገብ የሚጠቅመው ኢሊኖይ ውስጥ «የአየር ብክለት» የሚለው ትርጓሜ የሰውን የኑሮና የንብረት ምቾት ያለአግባብ የሚያውክን ልቀት ጭምር ስለሚያቅፍና ሕጉም እንዲህ ያለውን ብክለት ስለሚከለክል ነው። ፈቃዱ ላይ ስለ ሽታ አንድ መስመር ባይኖርም ይህ ክልከላ በሥራ ላይ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ማንኛውም ሰው በአንቀጽ 31 መሠረት ኤጀንሲውን ሳይጠብቅ አቤቱታውን በቀጥታ ለብክለት ቁጥጥር ቦርድ ማቅረብ መቻሉ ነው። ቦርዱ አቤቱታው የሌላ ክስ ድግግሞሽ ወይም ፍሬ ቢስ አለመሆኑን ካየ በኋላ ይሰማዋል። የፈቃድ ገደብ መጣሱን የሚያሳይ ማስረጃ ካገኛችሁ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ መሠረት የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስም ትችላላችሁ፤ ለዚህኛው ግን ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛና በእኔ ግምት ዋነኛው፣ በፈቃዱ የፊት ገጽ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ፈልጉ፤ ስማችሁም በኤጀንሲው የማስታወቂያ መላኪያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ አመልክቱ። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 30 ቀን ነው፤ ስብሰባ እንዲጠራና በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲመደብም በዚያው ጊዜ በጽሑፍ ይጠየቃል። «ፋብሪካው ይዘጋልን» የሚል ደብዳቤ መቶ ሰው ቢፈርምበት፣ መሐንዲሱ አዝኖ ያነበዋል እንጂ በፈቃዱ ላይ የሚለውጠው ነገር አያገኝበትም። «የቀለም ገደቡ በ12 ወር ብቻ ሳይሆን በቀንም ይቀመጥ፤ ቀለም በሚረጭበት ጊዜ በሮች ዝግ መሆናቸው ግዴታ ይሁን፤ የማቃጠያው ሙቀት ከዚህ በታች ሲወርድ መርጨቱ ይቁም፤ የሽታ አቤቱታ በደረሰ ቁጥር ኩባንያው መዝግቦ ምክንያቱን ያጣራ» የሚል አስተያየት ግን፣ ከምዝገባችሁ ጋር ተያይዞ ሲቀርብ፣ ኤጀንሲው ምክንያቱን ጽፎ እንዲቀበለው ወይም ምክንያቱን ጽፎ እንዲያልፈው ያደርገዋል። ፈቃዱ ዋና ምንጮችን የሚመለከተው ሆኖ አስተያየታችሁ ከታለፈ፣ የፌዴራሉ ኤጀንሲ የ45 ቀን ግምገማ ጊዜው ባበቃ በ60 ቀናት ውስጥ ፈቃዱን እንዲቃወም አቤት ማለት ትችላላችሁ፤ በአቤቱታው የምታነሡት ነጥብ ግን አስቀድሞ በአስተያየት መስጫው ጊዜ በዝርዝር የተነሣ መሆን አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያው 30 ቀን ውስጥ ሳትጽፉት የቀረ ነገር ካለ፣ ኋላ ላይ ልታነሡት ትቸገራላችሁ።